አጎቴ «ቀበቶ የፈሪ ነው» ይለኛል

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ጅማ ነው። ዕድሜዬ 24፣ ሥራዬ ብየዳ ነው። ያሳደገኝም ሙያውን ያስተማረኝም አጎቴ ነው። አባቴ ሲሞት የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ የበላሁት የእሱን እንጀራ ነው። ስለዚህ ሐሜት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የብየዳ ቤት አለን። በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ አንዳንዴም ደረጃ እንሠራለን። ዘንድሮ አጎቴ ከአንድ ቡና ነጋዴ የመጋዘን ጣሪያ በኮንትራት ወሰደ። ለቀማ ሳይጀመር ማስረከብ አለብን። ከፍታው 7 ሜትር ነው። የምንቆመው አጣና ተመትቶ በተሠራ መወጣጫ ላይ ነው። እሱ በማይደርስበት ቦታ ብረቱ ላይ እንሄዳለን። ሴፍቲ ቤልት አንድ አለን። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ስንሠራ «ያለዚህ አትገቡም» ሲሉት የገዛው ነው። አሁን ሱቁ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ላስቲኩ እንኳ በደንብ አልወለቀም። «ልልበሰው?» ስለው ሠራተኞቹ ፊት «ቀበቶ የፈሪ ነው። እኔ 30 ዓመት ስወጣ ማን አሰረኝ? የሚጠብቀው አላህ ነው» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁብኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ብረቱ በዝናብ ርሶ ነበር። አዳለጠኝና በአንድ እጄ ተንጠለጠልኩ። ጓደኛዬ ጎትቶ አወጣኝ። ለአጎቴ አልነገርነውም።

ዋናው ያስጨነቀኝ ግን ይሄ አይደለም። የአጎቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ያግዘናል፤ ታች ሆኖ ብረት ይይዝልናል። ማስክ ስለሌለው ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ያዞራል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስል እየጮኸ አደረ። አክስቴ ድንች እየቆረጠች ዓይኑ ላይ ስታደርግለት ነጋ። አሁን ደግሞ አጎቴ «ከሰኞ ጀምሮ ይወጣል፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚለምደው» ብሏል።

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ጭሱ እንዳይጎዳን ብሎ በየቀኑ ከኪሱ ወተት ይገዛልናል። ብናገር ውለታ ቢስ እባላለሁ። ዝም ብል ልጁ ቢወድቅስ? ሥራውን ትቼ ልሂድ ወይስ ምን ላድርግ?

በያጁ፣ ከጅማ

መልስ

ወንድሜ፣ «አንተ» ብልህ ቅር አይበልህ፤ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነህ።

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ አጎትህ በደንብ ጽፈሃል። ስለ ልጁም እንደዚያው። በአንድ እጅህ የተንጠለጠልክበትን ጠዋት ግን ቶሎ ብለህ አለፍከው። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ትከሻህ አሁን እንዴት ነው? ሸሚዝ ስታወልቅ ያምሃል? ከዚያ ቀን ወዲህ ስትወጣ ጉልበትህ ይከዳሃል? ሌሊት እየወደቅክ ትባንናለህ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብህም፤ ለራስህ ግን መልስ። የሰው ክብደት በሙሉ በአንድ ክንድ ላይ ሲወርድ የትከሻ ጅማት ሊቆስል ይችላል። ሦስት ሳምንት ቆይቶም የሚያምህ ከሆነ ሐኪም ይየው። እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እዚያ የሚሄድ ሁሉ ያበደ ይመስለናል እንጂ፣ እንዳንተ ከሞት የተረፈ ሰውም ይሄዳል። እስከዚያው ጥቂት ቀን የታቹን ሥራ ያዝ። እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣ በያጅ ለራሱም ሥሩ ለቆመውም አይበጅም።

ቀጥሎ ያለውን ቁጥር የምጽፍልህ ላስፈራራህ አይደለም። ከአጎትህ ጋር ስታወራ በእጅህ እንዲኖር ነው። ከ7 ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት ለመድረስ 1.2 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ የሚበር ባጃጅ አስብና ፊቱ ላይ ግንብ አቁምለት። የ30 ዓመት ልምድ በ1.2 ሰከንድ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይችላል?

አሁን ወደ አጎትህ እንምጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄበት ነበር። ወተቱ ጋ ስደርስ ቀዘቀዝኩ። በዚህ ኑሮ በየቀኑ ለሠራተኞቹ ከኪሱ ወተት የሚገዛ ሰው ጤናችሁ ግድ ይለዋል። የቸገረው ዕውቀቱ ነው። ወተቱ የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጭሱ የሚገባው ሳንባ ውስጥ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ እንኳ አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የብየዳ ጭስን ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ለጭስ የሚበጀው ነፋስ በጀርባ ወይም በጎን አድርጎ መቆም፣ ጭንቅላትን ከጭሱ ምሰሶ ማውጣትና ለብየዳ ጭስ የተሠራ የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ነው። ዚንክ የተለበጠ ብረት ስትበይዱ ደግሞ ሽፋኑን መጀመሪያ ሞርዱት። ማታ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጣችሁ እሱ ነው።

ለወሬው መግቢያ የሚሆንህም ይሄው ወተት ነው። ሥራ ቦታ ላይ፣ ሰው ፊት አትጀምር። አንዴ ሰው ፊት ጠይቀኸው ሰው ፊት መልሶልሃል፤ አሁን ቃሉን ቢያጥፍ በራሱ ሠራተኞች ፊት የተሸነፈ ይመስለዋል። ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ቤት ጠብቀው። ቡናው ይፈላ፣ አክስትህም ትኑር። ሌሊቱን ድንች ስትቆርጥ ያደረችው እሷ ናት፤ ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋትም። ከዚያ በራስህ አንደበት እንዲህ በለው፦ «ጋሼ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ለጤናችን ብለው በየቀኑ ወተት ይገዙልናል። አንድ የደበቅኩዎት ነገር አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጣሪያው ላይ አዳልጦኝ በአንድ እጄ ተንጠልጥዬ ነበር።» እዚህ ላይ ዝም በል። ሌላ ነገር አትጨምር። እሱ ይጠይቅህ።

ይህን ከደበቅከው የቀረው ክርክር ሁሉ ባዶ ይሆናል። አጎትህ እስካሁን የሚያውቀው ማንም ለመውደቅ እንዳልተቃረበ ነው። ሥራውን የሚመራው በዚያ መረጃ ነው። እውነቱን የከለከላችሁትም ጓደኛህና አንተ ናችሁ።

«አላህ ይጠብቃል» ካለህ አትከራከር። ግመሏን እሰራት፣ ከዚያም በአላህ ተመካ የሚለውን ሐዲስ ከእኔም ከአንተም በላይ እሱ ያውቀዋል። ቀስ ብለህ «ጋሼ፣ እኔም እሰሩኝ ነው የምለው» በለው። ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ስለ ልጁ የምትነግረው በዚያው ቀን ነው፤ ሰኞ ሩቅ አይደለም። ሁሉንም ጥያቄ በአንዴ ከምታዘንብበት በዚህ ጀምር። 17 ዓመት ሕፃን አይደለም፤ ግን ሕጉም ቢሆን ከ18 ዓመት በታች ያለውን ወጣት ሕይወቱንና ጤናውን አደጋ ላይ በሚጥል ሥራ ማሰማራትን ይከለክላል። አማራጭ ይዘህ ቅረብ፦ «ልጁ ታች ይሁን፤ መለካትና መቁረጥ እኔ አስተምረዋለሁ፤ ማስክ ግን ይገዛለት።» አባት «አይወጣም» ብሎ ቃሉን ከሚመልስ «ታች መጀመሪያ ይልመድ» ቢል ይቀለዋል። መውጫ በር ተውለት።

የዓይኑን ነገር በሁለት ቃል ላስረዳህ። ብየዳው የሚያወጣው የማይታይ ጨረር የዓይንን የላይኛውን ሽፋን ልክ ፀሐይ ቆዳን እንደምታቃጥለው ያቃጥለዋል። ሕመሙ የሚመጣው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ስለሆነ ነው ሌሊት የሚያስለቅሰው። ድንቹ ስለሚቀዘቅዝ ያስታግሳል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ በተጨፈነ ዓይን ላይ ማድረግም ያንኑ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል። ካልሻረ፣ ወይም ማየት ካደበዘዘው የዓይን ሐኪም ጋ ውሰዱት። ዓይን የሚያደነዝዝ ጠብታ ግን ቤት ወስዳችሁ ደጋግማችሁ እንዳትጨምሩለት፤ ሕመሙን አጥፍቶ ዓይኑን ይጎዳል። ዓይን መጨፈንና ፊት ማዞርም አይበቃም። የፀሐይ መነጽርማ ጭራሽ። ለእናንተ ለተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ቁጥር 10 ወይም 11 መስታወት ያለው ማስክ ይሆናል። ብረት የሚይዝም ሰው ማስክ ያስፈልገዋል። ግራይንደር ሲነሳ ደግሞ ነጭ መነጽር።

አሁን ጣሪያው ላይ እንውጣ። እኔ በያጅ አይደለሁም። ይህን ከመጻፌ በፊት ግን ከፍታ ላይ የሚሠራ አንድ የማውቀው ሰው ጋ ሄጄ ዕቃውን አንድ በአንድ አስነክቶኛል። መጀመሪያ ያለኝ ነገር አስገረመኝ፦ «ቀበቶ የመጨረሻው ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ዋናው ዘዴ ከፍታ ላይ የሚሠራውን ሥራ መቀነስ ነው። የጣሪያውን ተሸካሚ ብረት ላይ ወጥታችሁ ቁራጭ በቁራጭ ከምትበይዱት፣ መሬት ላይ አጋድማችሁ፣ ለክታችሁ፣ በይዳችሁ፣ ቀለሙንም ቀብታችሁ ብታነሱትስ? ላይ የሚቀረው ማሰርና ጥቂት መገጣጠሚያ ብቻ ይሆናል። ማንሻውን በማሽንም ይሁን በሰንሰለት ፑሊ፣ የብረቱን ክብደት የሚያውቅ ሰው ይወስን። ይህን ለአጎትህ በጥያቄ አቅርብለት፦ «ጋሼ፣ ይሄ ታች ቢሠራ እንዴት እናነሳው ነበር?» የ30 ዓመት በያጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲሰማ ዝም አይልም። እርሳስ ያነሳል። ሥራውም ይፈጥናል፤ ለቀማው ደግሞ አይጠብቃችሁም።

ሁለተኛው መወጣጫው ነው። በጅማ ዝናብ አጣና ቶሎ ይበሰብሳል፤ ምስማሩ ይላላል። የብረት እስካፎልዲንግ መከራየት ቢቻል፣ ላዩ ሙሉ ጣውላ፣ ዙሪያው የእጅ መደገፊያ ያለው፣ ከአጣናውም ከቀበቶውም ይበልጣል። ኪራዩን ማን ይክፈል? ለባለ ቡናው ሄዶ መነጋገር ነውር የለውም። ከእንግዲህ ደግሞ ዋጋ ስትሰጡ ከብረቱና ከኤሌክትሮዱ ጋር አብራችሁ አስገቡት። ጠዋት ብረቱ ርሶ ከሆነ እስኪደርቅ ታች ያለውን ሥሩ። ማንሸራተቱ አንድ ነገር ነው። የኤሌክትሪኩ ነገር ሌላ ነው። የብየዳ ማሽን ኤሌክትሮዱ ብረት ሳይነካ እስከ 80 ቮልት ሊይዝ ይችላል። በደረቅ ጓንት ምንም አይመስልም። በራሰ ጓንትና በራሰ ጫማ ግን ሊገድል ይችላል፤ ባይገድል እንኳ አስደንግጦ ይጥላል።

ሦስተኛው ያ ምስማር ላይ የተሰቀለው ነው። ነገ ሱቅ ስትገባ አውርደው። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ከሆነ መልሰህ ስቀለው፤ ለመውደቅ አይሆንም። በወገቡ ብቻ የተያዘ ሰው ሆድ ዕቃውና አከርካሪው ይጎዳሉ። የምትፈልገው ትከሻህንም ጭንህንም የሚይዘውን፣ ቀለበቱ ጀርባህ ላይ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መሃል የሚውለውን ነው። ያ የማውቀው ሰው የራሱን ቀበቶ እጥፍ አድርጎ በጣቱ ዳሰሰውና «እዚህ ጋ ንካ» አለኝ። ስፌቱ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር አገኘሁ። ፍንጣሪ ያረፈበትና ቀልጦ የጠጠረ ክር ነው። «በዚህች የተነሳ ይሄን ጥዬዋለሁ» አለ። ቀበቶው አዲስ ይመስላል።

የበያጅ ችግር እዚህ ላይ ነው። የተለመደው ማሰሪያ ናይለን ወይም ፖሊስተር ስለሆነ ከብየዳ ፍንጣሪ ጋር አይስማማም። ለበያጅ የሚሠራው እንደ ኬቭላር ካለ የማይቀልጥ ክር ነው። ጅማ ካላገኛችሁ ከአዲስ አበባ እዘዙ፤ ለሻጩም «ለብየዳ» ብላችሁ ንገሩት። የሽቦ ገመድም አለ፤ ግን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ለእናንተ አልመርጠውም።

የሚታሰርበት ቦታ ከቀበቶው እኩል ነው። ለአንድ ሰው መያዣ የሚፈለገው ጥንካሬ 22 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ከ2 ቶን በላይ ጭነት የሚሸከም ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት በነጥብ ብቻ ያያዛችሁት ቱቦላሬ ይህን አይችልም። በሙሉ የተበየደ ዋና ተሸካሚ ወይም ምሰሶ ፈልግ። በተቻለ መጠን ከራስህ በላይ እሰረው። እግርህ ሥር ካሰርከው 1.8 ሜትሩ ገመድ እስኪወጠር፣ የመውደቁን ኃይል የሚያበርደው ድንጋጤ መቀነሻ እስኪተረተር፣ የራስህም ቁመት ተጨምሮ ከ5 ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልግሃል። በ7 ሜትር ላይ ለጥቂት ትተርፋለህ። 4 ሜትር ላይ ግን ቀበቶው ከመያዙ በፊት መሬት ይቀድምሃል። ታስረሃል፣ ግን አልታሰርክም።

አንድ ነገር ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ የምታውቁት ነው፤ ማስክ ሲወርድ ዓለም ይጨልማል። እግርህ የት እንዳለ አታይም። ስለዚህ መጀመሪያ መንጠቆው፣ ከዚያ ማስኩ። ታች ደግሞ መሰላል ያዘጋጀ ሰው ይኑር። በቀበቶ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ደሙ እግሩ ላይ እየቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። «ቆይ ሰው ልጥራ» የሚባልበት ሰዓት አይደለም። አንዴ የያዘ ቀበቶም ሥራው አልቋል፤ ይጣላል።

ልሂድ ወይስ ልቆይ ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ የሁለቱ መሃል የሚበጅህ ይመስለኛል። ሥራውን ሳትለቅ ያለ መያዣ አልወጣም ማለት ትችላለህ። «ጋሼ፣ ታች የሚታዘዘኝን ሁሉ እሠራለሁ፤ ላይ ግን ሳልታሰር አልወጣም።» በትሕትና፣ ድምፅ ሳትጨምር፣ በተጠየቅክ ቁጥር ያንኑ ቃል። ጓደኛህም አብሮህ ቢል ይጠነክራል። ጎትቶ ያወጣህ እሱ ነውና የሚል ይመስለኛል።

ሕጉ ከአንተ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ሠራተኛ ሥራ ላይ ቢጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሥራ ውሉ በቃል መሆኑም አያስቀረውም። አደጋ እንዳለ ተነግሮት በጊዜው እርምጃ ካልወሰደም ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለቅ ይችላል። ይህን ግን ኪስህ ውስጥ ያዘው። አሳዳጊህን በአንቀጽ አትጀምረው። ምናልባት አክስትህ በሌላ ቀን «አንድ ነገር ቢሆን ይህ ቤት ምን ይበላል?» ብላ ብታነሳው ይሻላል። እሷ ስትለው ሌላ ነው።

ሁሉን ሰምቶ እምቢ ቢልስ? ይህም ይሆናል። ያኔ አጎትህ የሚሰማቸው አንድ የሰፈር ሽማግሌ ወይም የመስጊድ ሰው ስለ ልጁ ያናግሩልህ። አንተ የሌላ ቤት ሥራ ብትፈልግም ውለታ በላህ የሚል ካለ ይበል፤ ውለታ የሚከፈለው በአንገት አይደለም። ልጁን ግን ትተኸው እንዳትሄድ የፈራኸው ትክክል ነው። ከአክስትህ ጋር ሳትነጋገር አትውጣ።

ዓርብ እስኪደርስ ሦስት ነገር አድርግ፦ ትከሻህን አሳይ፣ ቀበቶውን አውርደህ ስፌቱን ዳስስ፣ ለልጁ ማስክ ዋጋ ጠይቅ። ከቻልክ ማስኩን ራስህ ገዝተህ ስጠው። ከታላቅ ወንድም የመጣ ማስክ ማንንም አያስቀይምም።

ወተቱን ግን እንዳታስቆሙት። አጎትህ በደስታ ይግዛው፣ እናንተም በደስታ ጠጡት፤ ታች፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብላችሁ።